የቅርብ ክትትል

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች ሀዊ ላፕቶፗን ጠረጴዛዬ ላይ እየከፈተች። «ላብራቶሪ ውስጥ ምን አጥፍቼ ነበር?»

የኢንተርኔቱን ገመድ ልሰካላት አጎንብሼ ነበር። ቀና ሳልል «እንዴት?» አልኳት።

«የፊንላንዷ ፕሮፌሰር ትናንት ኢሜይል ጻፈችልኝ። ከድጋፍ ደብዳቤዎቼ በአንዱ ላይ ‹ያለ ቅርብ ክትትል መሥራት ይከብዳታል› የሚል አለ፤ በቃለ መጠይቁ እንነጋገርበታለን ነው የምትለው። የጻፉልኝ ደግሞ ሁለት ሰዎች ናችሁ። አንደኛው አዲስ አበባ ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ አይቶኝ አያውቅም።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ተቀይሜ አይደለም። ጥፋቴን ካወቅሁት መልስ አዘጋጃለሁ ብዬ ነው።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቃለ መጠይቁ ዘጠኝ ላይ ነው። ዲላ ውስጥ የማይቆራረጥ መስመር ያለው እኔ ቢሮ ስለሆነ እዚሁ ሆና እንድትነጋገር የነገርኳት እኔው ነኝ።

ሀዊ ተማሪዬ ነበረች፤ አሁን ረዳቴ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጨለለቅቱ በሞተር የሚመጣላትን የቡና ገለፈት ፈርነስ በምንለው የላብራቶሪ ምድጃ ስታከስል፣ ስታጥብ፣ ስትፈጭ ኖራለች። ታንታለምና ኒዮቢየም የሚባሉ ብርቅዬ ብረቶች አሉ፤ ከአንድ ዓለት ነው የሚወጡት፤ ጠባያቸው ስለሚመሳሰል አንዱን ከሌላው መለየት መከራ ነው። የሀዊ ከሰል አንዱን ይዞ ሌላውን ይለቃል። ሙሉ በሙሉ አይደለም። ግን እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ያላገኘሁትን አግኝታለች።

ፊንላንድ ውስጥ በዚሁ ጉዳይ የዶክትሬት ዕድል ሲወጣ ማስታወቂያውን የላክሁላት እኔ ነበርኩ። ቦታው አንድ ነው። በዚያው ሳምንት እኔም አመለከትኩ፤ አልነገርኳትም። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለቴም ቀርቻለሁ።

ደብዳቤዋን የጻፍኩት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሥራዋን አንድ በአንድ ዘርዝሬ አመሰገንኩ፤ ሁሉም እውነት ነበር። ልልከው ስል ያቺን ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። ላያት ሰው የጠንቃቃ መምህር ምክር ነው የምትመስለው።

«መምህር?»

«ምናልባት… ያኔ፣ ፈርነሱ የተቃጠለ ጊዜ» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

«ያኔማ ወናጎ ነበርኩ፤ እናቴ ታማ። ፈርነሱን ያነደደው የላብራቶሪው ሠራተኛ ነስሩ ነው፤ ረሱት?» ወቀሳ አልነበረበትም፤ ልታስታውሰኝ ብቻ ነው። ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች። «እሺ፣ እንዲህ ብላቸውስ? ‹ልክ ነው፤ ብቻዬን ስሠራ እሳሳታለሁ። መምህሬ ባይከታተለኝ እዚህ አልደርስም ነበር።› ይሄ ይሻላል አይደል?»

ጻፈችው። ከዚያ በእንግሊዝኛ ትለማመደው ጀመር። «እሳሳታለሁ» የምትለው ላይ ድምጿ ዝቅ ይልባታል፤ ትመለስና እንደገና ትጀምራለች። በሦስተኛው አላስጨረስኳትም።

«ተይው። እንዳትዪ!»

«ምኑን?»

«እውነት አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ግን እውነት አይደለም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ታዲያ ለምን ጻፉት?»

«እኔም አመልክቻለሁ። እዚሁ ቦታ ላይ። የእኔ ቃለ መጠይቅ ሐሙስ ነው።»

ከታች መንገዱ ላይ ባጃጅ ጥሩምባውን ሲነፋ ተሰማ። ሀዊ የጻፈችውን መስመር አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«እናቴ እኮ እሁድ እሁድ በስምዎ ታስጸልያለች» አለች።

ስድብ ብታወርድብኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ለፕሮፌሰሯ ጻፍኩ፦ ስለ ሀዊ ያልኩት ሐሰት መሆኑን፣ ለምን እንዳልኩት፣ ማመልከቻዬንም መተዌን። ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ግን ጣቴ እምቢ አለኝ። ባለቤቴ ፀዳለ ፊንላንድ እንደምንሄድ ለእህቶቿ ሁሉ ተናግራለች። ልጆቼ ስለ በረዶ መጠየቅ ከጀመሩ ሰንብተዋል። ሀዊ አታስቸኩለኝም፤ አትለምነኝም፤ ታየኛለች ብቻ።

ላክሁት። ስልኩን ሰጠኋትና እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ዘጠኝ ሊሆን ነው» አለች ስልኩን ስትመልስልኝ። «ይውጡልኝ።»

ከገዛ ቢሮዬ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። መሄድ እችል ነበር፤ አልሄድኩም። በሩ ድምፅ አይከለክልም። መጀመሪያ ቃላቷ ይቆራረጡ ነበር። ስለ ከሰሉ ማስረዳት ስትጀምር ተስተካከለች፤ እንዲያውም አንዴ ሳቀች። ከዚያ ፕሮፌሰሯ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ምን እንዳለች አልያዝኩትም፤ «ሽመክት» የሚለውን ስሜን ግን ሰማሁ።

በሩ ተከፈተ። ሀዊ ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ኢሜይሉን አንብበውታል» አለችኝ። «ከእርስዎ አፍ መስማት ይፈልጋሉ።»

ገባሁ። ስክሪኑ ላይ ሦስት ሰዎች ይጠብቃሉ። ሀዊ ወደ መስኮቱ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ወንበሯ ላይ ስቀመጥ ሙቀቷ ገና አልለቀቀውም ነበር።