እልልታ የሚጫነው ማሽን

ልጄ ለሠርጓ ዘፈን ስታስቀርጽ፣ እኔና እህቴ እልልታውን ልናስገባ ስቱዲዮ ሄድን። «አደራ እማዬ፣ አማቴን እንዳታስቀይሚብኝ» ብላኛለች። የሙሽራውን እናት ማለቷ ነው።

አንዴ እልል ስል ባለሙያው ከጆሮው ላይ ማዳመጫውን መንጭቆ አወለቀ።

«እትዬ፣ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት!»

«አንዲት ልጄን ነው የምድረው፤ ዝቅ አላደርግም።»

«ይሁን፣ ኮምፕረሰሩ ያስተካክለዋል» አለና ቁልፍ አዞረ። «የጮኸውን ይጫነዋል። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ከፍ ሳደርገው ቀስ ያለውም ይሰማል። ሊሚተሩ ደግሞ ጣሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ ማንንም አያሳልፍም።»

«እናያለና!» ብዬ እልልታዬን ለቀቅኩት። ትንፋሽ ስወስድ ስለ ሙሽራው እናት ለእህቴ በጆሮዋ ሹክ አልኳት፤ «አፏ ማር፣ ሆዷ ሬት!»

የሠርጉ ዕለት ዘፈኑ ድንኳኑ ውስጥ ተለቀቀ። እልልታዬ እንደማንም ሰው እልልታ ሆኖ ወጣ። ሹክሹክታዬም በዚያው ልክ ጮኾ ተከተለ፤ «አፏ ማር፣ ሆዷ ሬት!»

ሚዜዎቹ አዝማች መስሏቸው ተቀበሉት። ድንኳኑ በሙሉ አጨበጨበ። ከሁሉ አብልጣ የምትቀበለው የሙሽራው እናት ናት፤ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ።