ከዋናው ጣቢያ በፊት

ሉጥፊያ ስልኩን ከተከናነበችው ቶብ ስር አስገብታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። የባቡሩ ጩኸት የሁስናን ድምፅ ግማሹን ይበላዋል።

«ስሚኝማ፣ የፖሊስ ከሻው ዛሬ ዋናው ጣቢያ አይደለም» አለች ሁስና፣ በፊተኛው ባቡር ሄዳ ገና አሁን የወረደችው ጓደኛዋ። «ትንሿ መሐጣ ላይ ናቸው። ፖሊሶቹ ኮንቴይነሩ ጀርባ ቆመው ኢቃማ የሌለውን ሁሉ እየለቀሙ ነው። እዚያ ሀበሻ ካለ ዋናው ድረስ እንዲሄዱ ንገሪያቸው። ያላ!»

«ጠይብ» ብላ ዘጋችው።

ሀበሻስ አለች። ከካላክላ ሰፈር ጀምሮ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች፤ ወሰንየለሽ። ሉጥፊያ ገና ሴትዮዋ ስትሳፈር ነው የለየቻት። ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ የአንገቷን ማተብ በሻሽ ሸፍናለች፤ ግን ራሷ ናት። እሷ ሉጥፊያን አላወቀቻትም። እንዴት ታውቃት? ሉጥፊያ ወፍራለች፣ ቶቧን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች፣ አረብኛዋም ቢሆን እዚሁ ካርቱም የተወለደች ያስመስላታል።

ማዮ ሰፈር በአንድ ክፍል አብረው ኖረዋል፣ ከአንድ ትሪ በልተዋል። ፖሊስ የግቢውን በር የሰበረ ቀን ሉጥፊያ ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ተደብቃ ነበር። ወሰንየለሽን ክንዷን ሲይዟት «እኔን ተዉኝ፣ እዚያ ሌላ አለች» ብላ በጣቷ አመለከተች። እሷን ለቀቁ፣ ሉጥፊያን ጎትተው አወጡ። ያን ጊዜ ሉጥፊያ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ወደ አገሯ ሊመልሷት የጫኗት መኪና ገዳሪፍን አልፎ ጠረፍ ሳይደርስ ጽንሱ ወረደ። እዚያው መንገድ ዳር በእጇ አፈር ምሳ ቀበረችው።

ከዚያ ወዲህ ወሰንየለሽን ያልረገመችበት ሌሊት የለም። ተመልሳ መጣች፣ ደግ አሠሪ አገኘች፣ ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ አወጣች፤ ቂሙ ግን እንዳለ ነው። አንድ ቀን እጄ ትገቢያለሽ ስትል ኖራ ይኸው ገባች፤ ያውም ጉልበቷ ጉልበቷን እየነካ።

ወትሮ ከሻ፣ የፖሊስ አፈሳው፣ የሚቆመው ዋናው ጣቢያ ነው። ስለዚህ ወረቀት የሌለው ሀበሻ ሁሉ ከዚያ በፊት ባለችው ትንሽ ፌርማታ ወርዶ ቀሪውን በእግሩ ይሄዳል። የከሻ ወሬ የሰማ ደግሞ ላልሰማው ይናገራል። ይሄን ማንም አይጥሰውም። የተጣሉ ይነጋገሩበታል፣ የተካሰሱ ይጠባበቁበታል። ሉጥፊያ ራሷ ስማቸውን እንኳ ለማታውቃቸው ስንቴ ተናግራለች።

ወሰንየለሽ ጎንበስ አለችላት። ስልክ ስታወራ አይታት ኖሯል።

«ያ ኡኽቲ» አለች በተሰባበረ አረብኛ፣ እህቴ እንደማለት፣ «መሐጣው ላይ ከሻ አለ ይላሉ? ትንሿ ጋ ብወርድ ሰላም ነው?»

የሉጥፊያ አፍ ከልማዱ የተነሳ ሊናገር ተከፈተ። ከዚያ ዓይኗ የወሰንየለሽ እጅ ላይ አረፈ። ሥራ የበላው፣ በበረኪና የተላላጠ እጅ ነው። ያቺ ጣት ግን ያቺው ጣት ናት።

«ማፊ ሓጃ» አለቻት፣ ምንም የለም። «ውረጂ።»

«ሹክረን ያ ኡኽቲ። አላህ ይባርክ ፊኪ።»

ባቡሩ ፌርማታዋ ላይ ቆመ። ወሰንየለሽ ፌስታሏን ደረቷ ላይ አቅፋ ወረደች። ኮንቴይነሩን እንዳለፈች ሁለት ፖሊሶች ከጀርባው ብቅ አሉና ክንዷን ያዙ።

«ያ ጀናቡ፣ ወላሂ ኢቃማዬ ቤት ነው! ወላሂ!»

ሉጥፊያ ተነስታ መስኮቱን ያዘች። ይህን ስታይ አንጀቷ ቅቤ የሚጠጣ መስሏት ነበር። አልጠጣም። ሴትዮዋ ማን እንዳስያዛት ሳታውቅ ብትሄድ ምን በቀል ይባላል? ቶቡን ከፊቷ ገፈፈችና አንገቷን አወጣች።

«ወሰንየለሽ!» ብላ በአማርኛ ጮኸች። «እኔ ነኝ ያስያዝኩሽ! እይኝ! የማዮዋ ሉጥፊያ ነኝ!»

ወሰንየለሽ መታገሏን ተወችና ቀና አለች። የባቡሩ ሞተር ያጓራል፤ ከጩኸቱ መሃል የደረሳት የራሷ ስም ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ዓይኗን አጥብባ ፈለገቻት፤ ስታገኛት ፊቷ በአንድ ጊዜ በራ። የተያዘች ሰው ፊት አይመስልም ነበር።

«ሉጥፊያ! በሕይወት አለሽ? እሰይ፣ ተመስገን!» ፖሊሱ ሲጎትታት እግሯን አንፈራጣ ቆመች። «ነፍሰ ጡር እንደሆንሽ አይደል የወሰዱሽ... ምን ወለድሽ?»

ሉጥፊያ ለዚህች ሴት ያከማቸችው ስድብ ቀን ከሌሊት አያልቅም ነበር። አንዱም አልመጣላትም።

«ወንድ» አለች።

«ያሳድግልሽ!» አለች ወሰንየለሽ፣ ወደ ፖሊስ መኪናው እየተገፋች። ያልተያዘ እጇን ወደ ሰማይ አነሳች። «ሉጥፊያዬ፣ ያሳድግልሽ!»

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ሉጥፊያ ከአፏ አሜን እንዳይወጣ የቶቧን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ያዘች።