የአርባ ደቂቃ ባትሪ

ኦቦ ጅሩ ከአሮጌዋ የእጅ ጌም የመጀመሪያውን ብሎን ፈትተው ቆርቆሮ ሳህን ላይ ጣል ያደርጋሉ። ቅጭል። ዮዲ ቀና ብላም አታይ። ባንኮኒው ላይ በክርኗ ተደግፋ፣ አዲሷን ጌም በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ትጫወታለች። እዚህ ከቆመች ግማሽ ሰዓት አልፏታል።

«ልዩነቷ ምንድን ነው ግን፣ ኦቦ ጅሩ? ቅርጿ ያው፣ ቁልፎቿ ያው፣ ጨዋታውም ያው።»

«ያችው ናት። ፋብሪካው ሌላ እስኪያወጣ ድረስ መሀል ላይ አሻሽሎ የለቀቃት ናት። ስክሪኗ ጠርቷል፣ ፈጥናለች፣ ባትሪዋ ደግሞ ስድስት ሰዓት ይቆያል።»

«አሃ! ፀጉሯን ተሠርታ መጣች በሉኛ!»

ሽማግሌው ይስቃሉ። ሮቤ ውስጥ ሬዲዮ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሬዲዮው ሲቀር ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ጌም ገቡ። «ያንቺን አፍ ባትሪ የሠራውን ሰው ባገኘሁት» ይላሉ።

አዲሷን ጌም የገዛችላት ትልቅ እኅቷ ማሂ ናት። ማሂ አስተማሪ ሆና ብድሬ ከተመደበች ገና ሦስት ወሯ ነው። ዘግይቶ በወጣላት የመጀመሪያ ደመወዟ ለእናቷ ነጠላ፣ ለአባቷ ጫማ፣ ለዮዲ ከዚሁ ሱቅ ይቺን። «አሮጌዋን ለኦቦ ጅሩ ስጪያቸው፣ ለመለዋወጫ ይፈልጓታል» ብላ አዛለች። ዮዲም ከቤት እስከ ሱቁ በሩጫ መጣች። ደስ ብሏት ነው እንግዲህ። ሌላ ምን ሊላት ይችላል?

ቅጭል። ሁለተኛው ብሎን።

የአሮጌዋ ጉድ አይነሳ። ባትሪዋ አርባ ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ድርግም። ሶኬት ላይ ተሰክታ አታጫውት፣ የደረሱበትን አታስቀምጥ፤ ሁልጊዜ ከሀ መጀመር ነው። አርባ ደቂቃ ደግሞ ጣትሽ እሳት ቢሆን እንኳ ከድልድዩ አያሳልፍም። ጨዋታው ውስጥ ያለችው ባለ ቀይ ቀሚስ ልጅ ድልድዩ ላይ እግሯን ስታነሳ፣ ስክሪኑ ጥቁር።

ከዚያ ወዲያ ያለው የማሂ ነበር። ብርድ ልብሱን በሁለቱም ራስ ላይ ትጥልና፣ «እኔ ጎባ ጓደኛዬ እነ ለሊሴ ቤት እስከ ጫፉ ተጫውቼዋለሁ» ትላለች። «ድልድዩን እንዳለፍሽ ከተማ አለ። በሩ ላይ አንዲት ሴትዮ፣ ልክ እንደ ጎረቤታችን እንደ ቀለሟ ወገቧን ይዛ ቆማለች። ‹የማን ልጅ ነሽ?› ሳትል አታሳልፍም።» ዮዲ ብርድ ልብሱ ሥር ትንከተከታለች። ሌላ ቀን ከተማው ውስጥ ሠርግ አለ። ሌላ ቀን ሙሽራው ጠፍቷል፣ ከተማው በሙሉ የእጅ ባትሪ ይዞ ፍለጋ ወጥቷል።

ማሂ ከሄደች ወዲህ፣ አርባ ደቂቃው ሲያልቅ ዮዲ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የራሷን ፊት ታያለች። የራሷ ፊት ደግሞ ተረት አያውቅም።

ቅጭል። ሦስተኛው።

«ደረስኩ!»

ድልድዩ። ባለ ቀይ ቀሚሷ እግሯን ታነሳለች። ዮዲ በልማድ ዓይኗን ትጨፍናለች። ስትገልጥ አልጠፋም። ልጅቷ ትሮጣለች፣ ትሮጣለች፣ ከድልድዩ ትወርዳለች።

ከተማ የለም። በር የለም፣ ሴትዮ የለችም። ያው ሣር፣ ያው ዛፍ፣ ከሩቅ ያው ድልድይ። ዮዲ ሁለተኛውንም ታሻግራታለች። ሣር፣ ዛፍ፣ ድልድይ። ላይኛው ጥግ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ይጨምራል።

«ኦቦ ጅሩ፣ ይሄ ጨዋታ ከተማ የለውም እንዴ?»

«የምን ከተማ? ይሮጧል፣ ይሮጧል፣ በቃ። መጨረሻም የለውም።»

ቀጣፊ! ትላለች ዮዲ በሆዷ። እነ ለሊሴ ቤት! ልትቆጣ ትሞክራለች፣ ቁጣው አልመጣላትም። የመጣላት የዚያ ብርድ ልብስ ሽታ ነው።

ኪሷ ውስጥ የእናቷ ስልክ ይጮኻል። ማሂ ናት። ብድሬ ላይ ኔትወርክ የምታገኘው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጉብታው ላይ ወጥታ ስለሆነ፣ ስትደውል ሁሌ ታለከልካለች።

«አካም ጅርታ፣ የኔ ጉድ! ተቀበልሻት?»

«ተቀበልኳት። እንደ መስታወት ታበራለች።»

«እሰይ። ድልድዩ ጋ… ደረስሽ?»

ድምፅዋ ስኳር ሲሰርቅ የተያዘ ልጅ ድምፅ ነው። ኦቦ ጅሩ ካቻቢቴውን አራተኛው ብሎን ላይ ያሳርፋሉ። ዮዲ እጇን ዘርግታ አሮጌዋን ጌም በመዳፏ ትከድናለች።

«ደርሼ ነበር» ትላለች። «እግሯን ስታነሳ ድርግም። ባትሪዋ ዘጋ።»

«የአዲሷ?!»

«አዲስ ብለው ሸወዱሻ፣ እኔ ምን ላርግሽ!»

ኦቦ ጅሩ አፋቸውን ይከፍታሉ። የዮዲን ዓይን ያዩና መልሰው ይገጥሙታል።

«ማሂዬ» ትላለች ዮዲ፣ «ከድልድዩ ማዶ ግን ምን ነበር? ሙሽራው ተገኘ?»

ስልኩ ውስጥ ማሂ ሣሩ ላይ ቁጭ ስትል፣ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ይሰማል።

«እሺ። ያቺ በር ላይ የቆመችው ሴትዮ አለች አይደል…»

ዮዲ የምታበራዋን ጌም በስክሪኗ ደፍታ ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣታለች። ኦቦ ጅሩ ከሳህኑ ላይ አንዱን ብሎን ያነሳሉ፤ ቅጭል እንዳይል በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ወደ አሮጌዋ ቀዳዳ ይመልሱታል።