በመጋረጃ የተለካ ብርሃን

ወርቅውሃ ከመጋረጃው ስንጥቅ በምትገባው ቀጭን ብርሃን ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ለሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር በሩ ተንኳኳ። መርፌውን ኮሌታዋ ላይ ሰካች፤ ጠርዙን ስትሰፋ የነበረውን የተማሪ ዩኒፎርም ትራስ ሥር ሸጎጠች። የስፌት መኪናዋ ከማለዳ ጀምሮ አንሶላ ለብሶ ጥግ ቆሟል።

ትናንት ጎረቤቷ ኦቦ ዋቅጋሪ በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ ነበር። «እህቴ፣ ነገ የሚለካ ሰው ይመጣል። ከንግድ ቢሮ ሳይሆን አይቀርም። አንቺ ደግሞ ፈቃድ የለሽም። መኪናሽን ሸፍኚ፣ መጋረጃሽን ዝጊ።» በአሥር ዓመት ጉርብትና እንዲህ ሲያስብላት የመጀመሪያው ነው።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ እትዬ? ሃዋኒ እባላለሁ» አለች በሩ ላይ የቆመችው ወጣት። እጇ ላይ ስልክ የሚያህል፣ አናቱ ላይ ነጭ ክብ ያለው መሣሪያ ይዛለች። «ብርሃን ልለካ ነው የመጣሁት።»

«ብርሃን? በኪሎ ነው በሜትር?»

ልጅቷ ፈገግ አለች። «በሉክስ። ጎረቤትዎ ኦቦ ዋቅጋሪ ለሚሠራው ፎቅ የአረንጓዴ ሕንጻ ምስክር ወረቀት ጠይቋል። ሕንጻው ከፍ ከማለቱ በፊት የእርስዎ ቤት ስንት ብርሃን እንዳለው መመዝገብ አለበት።»

ወርቅውሃ አላመነችም። መንገዱ የሰፋ ዓመት ሜትር የዘረጉትም ሰዎች «ለጥናት ነው» ብለዋት ነበር። አጥሯ ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ ገባ።

ሃዋኒ መሣሪያውን በጠረጴዛ ከፍታ ያዘች። «አርባ። መጋረጃውን ልክፈተው?»

«ተይው፣ ዓይኔን ያመኛል።»

ልጅቷ ወለሉ ላይ የተበተነውን ብጥስጣሽ ክር አየች። ከዚያ ኮሌታው ላይ የተሰካውን መርፌ አየች። ከቦርሳዋ ቅጽ አውጥታ አርባን ጻፈችበት።

«እንግዲያው እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ወርቅውሃ እስክሪብቶውን ተቀብላ ቆመች። «ይሄ አርባ ያልሽው ምን ይሠራል?»

«ሕንጻው ሲያልቅ ተመልሼ እለካለሁ። ብርሃንዎን በጣም ቀንሶት ከተገኘ ወረቀቱን አያገኝም። ስለዚህ ከአሁኑ ወይ ፎቅ ይቀንሳል፣ ወይ ከመስኮትዎ ይርቃል።»

«በአርባውስ?»

«አርባ ከሆነማ ቤቱ ድሮም ጨለማ ነው። ከጨለማ ምን ይወሰዳል? እንደ ልቡ ይሠራል።»

ወርቅውሃ መጋረጃውን አየችው። መኪናውን ሸፍኚ ማለቱስ ይሁን። መጋረጃው ለንግድ ቢሮ ምኑ ነው?

«ላንቺ የሚከፍልሽ ማነው?»

«ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ድርጅት። ኦቦ ዋቅጋሪን ያየሁት ትናንት ነው፤ እንደምመጣ እነግራታለሁ ብሎኝ ነበር።»

«ነግሮኛል» አለች ወርቅውሃ።

ወደ መስኮቱ ሄዳ መጋረጃውን በሁለት እጇ ወዲያና ወዲህ ገለጠችው። አንሶላውን ከመኪናው ላይ ጎትታ ጣለች፤ መኪናውንም ሲጢጥ እያሰኘች ወደ ቦታው፣ መስኮቱ ሥር ገፋችው።

«እዚህ ላይ ለኪ። የምሠራው እዚህ ነው። ፈቃድ የለኝም፤ ከፈለግሽ እሱንም ጻፊው።»

«ቅጹ ላይ የእሱ ቦታ የለም» አለች ሃዋኒ፣ መሣሪያውን መኪናው ላይ እያስቀመጠች። «ስድስት መቶ ሃያ።»

«አርባውን እያየሁሽ ሰርዢው።»

ልጅቷ ሰረዘችው። ወርቅውሃ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብባ ፈረመች።

ብቻዋን ስትቀር ዩኒፎርሙን ከትራሱ ሥር አወጣች። ክሩ በአንዴ ገባ። ከመስኮቱ ማዶ፣ አዲስ በተሞላው የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ሶሌታው ላይ ኦቦ ዋቅጋሪ ወገቡን ይዞ ወደ እሷ ያያል። እሷም ቀና ብላ አየችው፤ መጋረጃውን ግን አልነካችም። ጠርዙን ሰፍታ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ዩኒፎርሙን አጥፋ የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ፀሐዩ ውስጥ አስቀመጠችው።