ሁለት ሳምንት በቫርና

የሶስና ባለቤት ኢንጂነር ደጀኔ በወጣትነቱ ስድስት ዓመት የተማረው ቡልጋሪያ ነው። ስለ ቫርና የባሕር ዳርቻ ሲያወራ ሠላሳ ዓመት ሰምታዋለች። ጡረታ በወጣ ማግሥት፣ የክረምቱን ሁለት ሳምንት እዚያ እንዲያሳልፉ ወሰነች፤ ሆቴሉንም ራሷ መረጠች።

እሱ ግን ሰበብ አላጣም። ባሕሩ ይቀዘቅዛል አለ፤ ጉልበቱን አመመው፤ ቋንቋውም ጠፍቶበታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ባሕሩን ለእኔ ስታሞግስ ኖረህ አሁን ለብቻህ ልታስቀረው ነው?» አለችው።

«ላንጋኖ ምን አነሰው?»

አልሰማችውም። የሁለታቸውን ፓስፖርትና የጋብቻ ማስረጃቸውን አያይዛ ለቪዛ አመለከተች። በሳምንቱ ከቆንስላው ተደወለላት። ደዋዩ ትሑት ሰው ነበር።

«ወይዘሮ ሶስና፣ አቶ ደጀኔ የግብዣ ደብዳቤ አያስፈልጋቸውም። በመዝገባችን መሠረት፣ ቫርና የምትኖር የአንዲት ዜጋችን ባለቤት ናቸው፤ ጋብቻውም እስካሁን አልፈረሰም። በእርስዎ ቅጽ ላይ ግን ከእሳቸው ጋር ያለዎት ዝምድና እንዲስተካከል እንጠይቃለን።»

ስልኩን ሳትዘጋ ጋዜጣ ወደሚያነበው ባሏ ዞረች።

«ደጀኔ» አለችው፣ «ምንህ እንደሆንኩ እየጠየቁኝ ነው። ምን ልበላቸው?»