የባልቴቷ ተከራይ

የሐይቅ ዳሩን ጉብኝት የሚመራው አስጎብኚ ሰው አይጥመውም። ድምፅ ማጉያ ከአፉ ስለማይለይ የከተማው ሰው «ጡሩምባ» ይለዋል፤ እሱም በተራው ከተማዋን ከነሰዎቿ ከቁብ አይቆጥራትም። ለሥራ ተመድቦ መጣ እንጂ አገሩም አይደለች።

ጎብኚዎቹንማ ተዋቸው። ሸምበቆውን ሲያሳያቸው የረጠበ ጫማቸውን ያያሉ። ስለ ውሃ ወፎቹ ሲያብራራ «ይበላሉ?» ይሉታል። የጥንቱን የእህል መጋዘን ሲያስጎበኛቸው ሽንት ቤት መስሏቸው ይሰለፋሉ።

ከሁሉ የሚያንገሸግሸው ግን የባልቴቷ ተከራይ ነው። ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሽማግሌ፣ በበጋው ከየት መጣ ሳይባል መጥቶ የባልቴቷን ጓዳ ተከራየ። ከዚያ ወዲህ ጉብኝት በወጣ ቁጥር እንደ ጥላ ከኋላ ይጎተታል።

ባልቴቷ እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ሰጥሞ የቀረው የዝነኛው ጀልበኛ ሚስት ናት። ጉብኝቱ የሚያበቃው ውሃው ዳር በቆመው የባሏ መታሰቢያ ድንጋይ ዘንድ ነው። እሷም ጥቁር ለብሳ አጠገቡ ትቆማለች፤ ጎብኚ ሁሉ እጇን ጨብጦ ያልፋል።

የዚያን ቀንም ጡሩምባ ድንጋዩ ዘንድ ሲደርስ ድምፁን አለዘበ።

«ከብዙ ዓመት በፊት ጀልባዋ የተገለበጠችው እዚህ ጋ ነው። ጀልበኛው ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ አዝሎ አወጣ። አንድ የቀረ መስሎት ተመልሶ ገባ፤ በዚያው ቀረ። ሐይቁ ሬሳውን እንኳ አልመለሰልንም።»

አንዲት ሴትዮ እንባዋን ጠረገች።

«ዋና አይችልም ነበር» አለ ተከራዩ ከኋላ።

ሁሉም ዞረው አዩት።

«ምን አልክ?»

«ጀልበኛው ዋና አይችልም ነበር። ውሃውም እዚህ ጋ ከወገብ አያልፍም፤ ሰዎቹ በእግራቸው ነው የወጡት። በዚያ ላይ ሰካራም ነበር።»

የጡሩምባ ደም ፈላ። ነገሩ ከገባው ቆይቷል፤ ሽማግሌው ለባልቴቷ ቋምጧል፣ ሟቹ ደግሞ እንደ ግንብ መሃል ቆሞበታል። ባልቴቷ ለጎብኚ ስታሳየው የኖረችውን የሟቹን ኮት ለብሶ፣ ያውም ልክክ ብሎለት፣ ደጃፏ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ በዓይኑ በብረቱ አይቶታል። የሰው ሚስት፣ የሰው ኮት!

«ከሞተ ሰው ጋር ትፎካከራለህ? አታፍርም?»

«ማፈሩንስ አፍራለሁ» አለ ሽማግሌው።

ጡሩምባ ወደ ባልቴቷ ዞረ። «እትዬ፣ ሰሙት አይደል? ሙት ወቃሽ ነው ቤትዎ ያስገቡት። ዛሬውኑ ያባርሩት!»

ባልቴቷ ተከራይዋን ከእግር እስከ ራሱ ገላመጠችው።

«እውነትህን ነው ልጄ» አለች። «ባሌን ለሚሰድብ ሰው ቤት የለኝም።»

ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። ጡሩምባ እዚያ ሥራ ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎብኚዎቹን ወደዳቸው።

አውቶቡሳቸው ድረስ ሸኛቸውና ተመለሰ። ባልቴቷ ሳታመሰግነው ማለፍ የለባትም። ደግሞም ያ ቀላዋጭ ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ ማየት አምሮታል።

ሁለቱም አሁንም ድንጋዩ ዘንድ ናቸው፤ ጀርባቸውን ሰጥተውታል። ባልቴቷ ጣቷን እየወዘወዘች ትቆጣለች። ጡሩምባ ደስ እያለው በሸምበቆው ጥግ ተጠጋና ጆሮውን ጣል አደረገ።

«አንተ ሰውዬ፣ ስንቴ ልንገርህ? በቁምህ ዞር ብሎ ያየህ አልነበረም፤ ሰው የሆንከው ከሞትክ ወዲህ ነው። አርፈህ ሙት!»