ትንሽ ስቅታ

ዋሻው ተደርምሶ አንዱን ቆፋሪ ከቀበረው በኋላ ፈረንጁ ሥራ አስኪያጅ ሠራተኞቹን ሰብስቦ በእንግሊዝኛ ተናገረ። አስተርጓሚው አንገቱን ደፋ።

«ምን አለ?» አሉት የቆፋሪዎቹ አለቃ ጋሽ ደግፌ።

«ትንሽ ሂካፕ ገጥሞናል አለ።»

«ሂካፕ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ስቅታ ነው። ቀለል ያለ እንቅፋት ሲገጥማቸውም እንዲሁ ይሉታል።»

ጋሽ ደግፌ ወደተደረመሰው አፈር ዞሩ። «ስቅታስ ውሃ ሲጠጡበት ይለቅ ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አይቶ ሌላ ነገር ጨመረ።

«በሌላው በር በኩል ሥራ ቀጥሉ ብሏል» አለ አስተርጓሚው።

ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። አስተርጓሚው ግን ኮቱን አውልቆ ለጋሽ ደግፌ ሰጣቸውና አካፋ አነሣ።

«አንተ ደግሞ ወዴት ነህ?» አለው ሥራ አስኪያጁ።

«ታናሽ ወንድሜን ላወጣ» ብሎ በእንግሊዝኛ መለሰለት።